ፒኤልሲ ልግዛ ወይስ ቴምፕሬቸር ኮንትሮለሮቹን ላቆይ?

ጥያቄው፦ «አራት የማሞቂያ ዞን ያለው የፕላስቲክ ኤክስትሩደር አለን። እያንዳንዱ ዞን የራሱ ትንሽ ቴምፕሬቸር ኮንትሮለር አለው። ኮንትሮለሩ ኮንታክተር ይስባል፣ ኮንታክተሩ ሂተሩን ያበራል። ሴንሰሮቹ ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል ናቸው። 200 ዲግሪ ስንሞላለት ሦስቱ ዞኖች ከ192 እስከ 209 ይዋዥቃሉ። አራተኛው ላይ አንድ ቴክኒሻን ቅንብሩን ወደ ፒአይዲ ቀይሮት ሙቀቱ ቀጥ ብሎ ነበር፤ ግን ኮንታክተሩ ሳምንት ሳይሞላው ተቃጠለና ወደ ድሮው መለስነው። ባልደረባዬ "እነዚህን አውጥተን ፒኤልሲ እናስገባ፣ ፒኤልሲ ፈጣን ስለሆነ ሙቀቱን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል" ይላል። የሞተሩ ማስነሻና ኢንተርሎኩ አሁን በሪሌይ ነው የሚሠራው። ወደፊት የሙቀቱን መዝገብ በኮምፒውተር ማየትም እንፈልጋለን። የቱ ይሻላል?»

ፒኤልሲው፣ ማለትም በፕሮግራም የሚታዘዘው የማሽን መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር፣ ይህን መዋዠቅ አያስተካክለውም። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ይህ ይታወቅ። ዛሬ አራቱንም ኮንትሮለሮች ነቅለው በጣም ውድ የሆነውን ፒኤልሲ ቢያስገቡ፣ የአሠራሩ ዘዴ እስካልተቀየረ ድረስ ሙቀቱ ነገም ከ192 እስከ 209 ይመላለሳል። መልሱን እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል፤ አራተኛው ዞን ቀጥ ብሎ ነበር። ኮንትሮለሩ ያው፣ ሂተሩ ያው፣ ሴንሰሩ ያው። የተቀየረው አንድ ቅንብር ብቻ ነው።

ሦስቱ ዞኖች የሚሠሩት በአብራ-አጥፋ ዘዴ ነው። ሙቀቱ ከተሞላው ቁጥር በታች ሲሆን ሂተሩ ሙሉ ኃይል ያገኛል፣ ሲደርስ ይቋረጥበታል። ምን እንደሚፈጠር ቀረብ ብለን እንየው። ኮንትሮለሩ 200 ሲያነብ ኮንታክተሩን ይለቃል። በዚያች ቅጽበት ግን በርሜሉን (ፕላስቲኩ የሚቀልጥበትን የብረት ቱቦ) ያቀፈው የሂተር ቀለበት ራሱ ከ200 በጣም በልጧል። ብረቱ ወፍራም ነው። ቴርሞካፕሉ የተቀመጠው ብረቱ ውስጥ በተበሳ ቀዳዳ፣ ከሂተሩ ራቅ ብሎ ነው። ሂተሩ ያጠራቀመው ሙቀት ገና ወደ ሴንሰሩ እየመጣ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥም እሱ መምጣቱን አያቆምም። ስለዚህ ንባቡ 203፣ 206፣ 209 እያለ ይወጣል። ሲወርድም ያው ነው። 199 ላይ ኮንታክተሩ ቢመለስም፣ አዲሱ ሙቀት ሴንሰሩ ጋ እስኪደርስ ንባቡ እስከ 192 ይንሸራተታል። መዘግየቱ የብረቱ ነው። የትኛውም ፕሮሰሰር አያሳጥረውም።

ባልደረባዎ ፒኤልሲ ፈጣን ነው ማለቱ ልክ ነው። ፒኤልሲ ፕሮግራሙን በጥቂት ሚሊሴኮንድ ዞሮ ይጨርሳል። ነገር ግን ኮንትሮለርዎም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ሴንሰሩን ደጋግሞ ያነባል፤ በርሜሉ ደግሞ ለአንድ የኃይል ለውጥ መልስ ለመስጠት አሥር፣ ሀያ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሴኮንድ ይፈልጋል። ሁለቱም ከበርሜሉ እጅግ ይፈጥናሉ። ከዚያ በላይ መፍጠን ለዚህ ሥራ የሚጨምረው ነገር የለም።

የሚያስፈልገው ቀድሞ ማሰብ ነው፤ ፒአይዲ የሚባለው የቁጥጥር ስሌት የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ሙቀቱ ወደ 200 ሲጠጋ ኃይሉን በልዩነቱ ልክ ይቀንሳል። በመጨረሻ የምትቀረዋን ትንሽ ጉድለት እያጠራቀመ ያጠፋታል። ሙቀቱ በፍጥነት ሲወጣ ካየ ደግሞ ሳይደርስ ኃይሉን ይቀንሳል። ይህ ስሌት በ48 በ48 ሚሊሜትሩ የኮንትሮለር ሳጥን ውስጥም፣ በፒኤልሲ ውስጥም አንድ ዓይነት ነው።

ታዲያ አራተኛው ኮንታክተር ለምን ተቃጠለ? ፒአይዲ ለሂተሩ «40 በመቶ ኃይል» ሲል፣ ኮንትሮለሩ ያንን ወደ ጊዜ ይቀይረዋል። ዑደቱ ሁለት ሴኮንድ ከሆነ 0.8 ሴኮንድ ያበራል፣ 1.2 ሴኮንድ ያጠፋል። በብዙ ኮንትሮለሮች ላይ ሁለት ሴኮንድ ለኤስኤስአር (በኤሌክትሮኒክስ ብቻ ለሚያበራና ለሚያጠፋ ሪሌይ) የተለመደ ቅንብር ነው። ኮንታክተር ላይ ሲሆን ሂሳቡን ይሥሩት፤ በቀን 43,200 ጊዜ ይገባል ይወጣል። በሳምንት ከ300,000 ይበልጣል። ብዙ ሪሌዮች በሙሉ ጭነት የሚሰጣቸው ዕድሜ 100,000 ገደማ ነው። ኮንታክተር ከዚያ የተሻለ ቢችልም፣ በዚህ ፍጥነት ማንም አይቆይም። ቴክኒሻንዎ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ የቀረችው የዑደት ጊዜዋን ማየት ነበር። ዑደቱ 20 ሴኮንድ ቢሆን ኖሮ በቀን 4,320 ብቻ ይሆን ነበር። ለወፍራም በርሜል 20 ሴኮንድ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የተሻለው መንገድ ግን ኤስኤስአር ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው በሁለት ሴኮንድ ዑደት አያልቅም። ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ኮንትሮለሩ የኤስኤስአር መንጃ መውጫ ያለው ዓይነት መሆን አለበት። የሪሌይ መውጫ ያለውን ገዝተው ኤስኤስአር ቢያስነዱት፣ ውስጡ ያለችው ሪሌይ በተራዋ ታልቃለች። ሁለተኛ፣ ኤስኤስአር ይሞቃል። በሚያልፍበት በእያንዳንዱ አምፔር ከአንድ ዋት ትንሽ የበለጠ ሙቀት ይተፋል። 25 አምፔር ቢያልፍበት ወደ 30 ዋት ነው። ሂትሲንክ (ሙቀቱን የሚያስወጣለት ክንፍ ያለው ብረት) ሳይኖረው በፓነሉ ቆርቆሮ ላይ ዝም ብሎ ከታሰረ ብዙም አይቆይም።

ሌላው የተለመደ ስህተት ከፒኤልሲ የበለጠ ትክክለኛ ንባብ መጠበቅ ነው። በተለምዶ የሚሸጠው ሁለተኛ ደረጃ ኬ ቴርሞካፕል በ200 ዲግሪ አካባቢ እስከ 2.5 ዲግሪ ወደላይም ወደታችም ሊስት ይችላል፤ ይህ በደረጃው የተፈቀደለት ነው። ሴንሰሩ 2 ዲግሪ ከዋሸ፣ ውሸቱን የሚሰማው ማንም ይሁን ማን 2 ዲግሪ ይስታል። ከዚህ የጠበቀ ነገር ከፈለጉ ገንዘቡን በአንደኛ ደረጃ ቴርሞካፕል ወይም በፒቲ100 (ከፕላቲነም በተሠራ የሙቀት ሴንሰር) ላይ ያውሉት። የማራዘሚያ ሽቦውንም ይመልከቱ። ከቴርሞካፕሉ እስከ ፓነሉ ተራ የመዳብ ሽቦ ተጎትቶ ከሆነ፣ በመቀጠያው ቦታና በፓነሉ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በሙሉ ወደ ንባቡ ስህተት ሆኖ ይገባል። ማሽኑ አጠገብ 60፣ ፓነሉ ውስጥ 35 ዲግሪ ከሆነ፣ ወደ 25 ዲግሪ እየሳቱ ነው ማለት ነው። ይህን በብዙ ፓነል ላይ አይቻለሁ፤ ሰው ሁሉ ኮንትሮለሩን ሲወቅስ ጥፋቱ የሽቦው ነው።

አሁን ሁለቱን እናወዳድር። ሰዎች ትንሿን ሳጥን የሚንቋት ውስጧ ያለውን ስለማያዩ ነው። አውቶ ቲዩን፣ ማለትም የፒአይዲውን ቁጥሮች ራሷ ፈልጋ የምትሞላበት ዘዴ፣ አላት። ሴንሰር ሲበጠስ ታውቃለች፣ ሂተሩንም ትዘጋለች። ማሽኑ ሲነሳ ሙቀቱ ገና ሩቅ እያለ የጉድለት ድምሩ ያለ ልክ እንዳይከማችና በኋላ እንዳያስፈነጥረው ትከላከላለች። ከማኑዋል ወደ አውቶ ስትቀየር ኃይሉን አታነጥረውም። ስትበላሽ ደግሞ ሌላ ገዝቶ፣ አሥር ያህል ቁጥር ሞልቶ፣ በግማሽ ሰዓት የሚተካት ቴክኒሻን አይጠፋም። ላፕቶፕ አያስፈልግም፣ የፕሮግራም ፋይል አያስፈልግም። አንዷ ብትሞት ሌሎቹ ሦስቱ ይሠራሉ። ማሽኑ በሌሊት ፈረቃ ቆሞ፣ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ስልክ አላነሳ ሲል አጠገቡ ለቆመ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

በፒኤልሲ ውስጥ እነዚህን ሁሉ የሚያስገባው ፕሮግራመሩ ነው። ጎበዝ ከሆነ ሁሉም ይኖራሉ። ካልሆነ የሚጎድለው የሚታወቀው ሲበላሽ ነው። ደጋግሜ ያየሁት ስህተት ፒአይዲውን ከዋናው ፕሮግራም ጋር ዝም ብሎ ማስሮጥ ነው። ስሌቱ ውስጥ ጊዜ አለ፤ በእኩል ልዩነት መጠራት አለበት። ለምሳሌ በሲመንስ ኤስ7-1200 ላይ የፒአይዲ ብሎኩ የሚቀመጠው በተወሰነ ጊዜ በሚጠራ ሳይክሊክ ኢንተራፕት ውስጥ ነው። ዋናው ፕሮግራም ውስጥ ሲቀመጥ የፕሮግራሙ ዙር ባጠረና በረዘመ ቁጥር ቁጥጥሩ ይቀየራል፤ ሰውየው ግን ቲዩኒንጉ ላይ ሲለፋ ይውላል።

የሴንሰሩን ምልክት ለፒኤልሲው የሚያነብለት የመግቢያ ሞጁሉም አለ። ኬ ቴርሞካፕል ለአንድ ዲግሪ የሚሰጠው 41 ማይክሮቮልት ገደማ ነው። በ200 ዲግሪ ጠቅላላው 8 ሚሊቮልት ያህል ነው። ይህን ተራ የ0-10 ቮልት መግቢያ ላይ ቢያስሩት፣ 12 ቢት ሞጁል አንዷን እርምጃ የሚቆጥረው በ2.4 ሚሊቮልት ስለሆነ፣ በ60 ዲግሪ በ60 ዲግሪ እየዘለለ ያነብልዎታል። ስለዚህ ለአራቱም ዞን የቴርሞካፕል ሞጁል ወይም ትራንስሚተር መግዛት ግድ ነው። ዋጋ ሲያወዳድሩ ሰዎች ይህን ይረሱና የፒኤልሲውን ራስ ዋጋ ብቻ ይዘው ይመጣሉ። ሞጁሉ፣ ስክሪኑ፣ የፕሮግራሙ ሥራ፣ ፓነሉን እንደገና ማሰር፣ ሁሉም ይደመር። ለአራት ዞን ድምሩ ከአራት ጥሩ ኮንትሮለሮች በታች ሲሆን እኔ አላየሁም።

ፒኤልሲው መቼ ያሸንፋል? የዞኑ ብዛት ስምንት፣ አሥር እያለ ሲሄድ ነገሩ ይቀየራል። አሥራ ስድስት ሳጥን በአንድ በር ላይ መደርደር፣ ምርት በተቀየረ ቁጥር አሥራ ስድስቱን አንድ በአንድ መሙላት ሰው ያሳስታል። በቀን ብዙ ጊዜ ምርት የሚቀየር ከሆነ፣ አንድ ቁልፍ ተነክቶ ሁሉም ዞን የየራሱን ቁጥር ቢይዝ ትልቅ ነገር ነው። አንዱ ዞን ሌላውን በኃይል የሚጎትት ከሆነ፣ ወይም ሙቀቱ ከፍጥነትና ከግፊት ጋር አብሮ መወሰን ካለበት ለብቻቸው የቆሙ ሳጥኖች አይነጋገሩም። እንዲህ ያለ ማሽን ካለዎት፣ ፕሮግራሙን ሊጽፍና ሊጠግን የሚችል ሰውም በቤቱ ካለ፣ ሁሉን በፒኤልሲ ማድረግ ትክክል ነው። የእርስዎ ማሽን ግን አራት ዞን ነው።

ስለዚህ የምመክረው ሥራውን ማከፋፈል ነው። ሙቀቱን ለአራት የፒአይዲ ኮንትሮለር ይተዉት፤ ግን ኮሙኒኬሽን ያላቸው፣ በአርኤስ485 ሽቦ ላይ ሞድባስ በሚባለው የመሣሪያዎች መግባቢያ ቋንቋ የሚነጋገሩ ይሁኑ። ሞተሩንና ኢንተርሎኩን (ሁኔታው ሳይሟላ ማሽኑ እንዳይነሳ የሚከለክለውን) ከሪሌዮቹ አውጥተው ለትንሽ ፒኤልሲ ይስጡት። የፒኤልሲ ተፈጥሮውም እሱ ነው፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲፈለሰፍ በመኪና ፋብሪካዎች የሪሌይ ፓነሎችን እንዲተካ ነበር። ለኤክስትሩደር የሚሠራው ዋነኛ ውለታ አለ፤ አራቱም ዞን ሙቀታቸው ደርሶ፣ በርሜሉ እስከ ውስጥ እስኪሞቅ ጥቂት ጊዜ ሳይቆይ ሞተሩ እንዳይነሳ መከልከል። ሞተሩ በቀዝቃዛ ፕላስቲክ ላይ ከተነሳ፣ በርሜሉ ውስጥ ፕላስቲኩን የሚገፋው ስክሩ ሊሰበር ይችላል። ያሉትን መዝገብ ደግሞ ፒኤልሲው ከኮንትሮለሮቹ በሞድባስ እያነበበ ለኮምፒውተሩ ያቀብላል። የመገናኛ ሽቦው ቢበጠስ እንኳ ኮንትሮለሮቹ የመጨረሻውን ቁጥር ይዘው ይቀጥላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ኮንትሮለሮች በሞድባስ የተጻፈላቸውን ሴት ፖይንት (እንዲይዙ የተሞላላቸውን የሙቀት ቁጥር) በቋሚ ማስታወሻቸው ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ያ ማስታወሻ የሚጻፍበት ጊዜ ብዛት የተወሰነ ነው። ወሰኑ 100,000 ከሆነና ፒኤልሲው ያንኑ ቁጥር በየሴኮንዱ የሚጽፍ ከሆነ፣ በቀን 86,400 ጊዜ ጻፈ ማለት ነው። በሁለተኛው ቀን ወሰኑን አለፈ። ፕሮግራሙ መጻፍ ያለበት ቁጥሩ ሲቀየር ብቻ ነው። ማንበብ ግን የፈለገውን ያህል ያንብብ።

አንድ ገደብም ይታወቅ። ስክሩ በፍጥነት ሲዞር ፕላስቲኩን እያሸ ራሱ ሙቀት ያመነጫል። ፒአይዲ ገብቶም አንዱ ዞን ከ200 በላይ ሄዶ አልወርድ ካለ፣ የኮንትሮለሩን የኃይል መጠን ይመልከቱ። 0 በመቶ ካለ ሂተሩ ጠፍቷል፣ ሙቀቱ የሚመጣው ከስክሩ ነው። ያንን የሚያወርደው ማቀዝቀዣ ፋን ነው፤ ፋን ከሌለ ኮንትሮለርም ፒኤልሲም ምንም አያደርጉለትም። ለዚያ ዞን ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ሁለት መውጫ ያለው ኮንትሮለር ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ አጥብቄ የምጠይቅዎት ግን ሌላ ነው። በጥያቄዎ ውስጥ ከመጠን ያለፈ ሙቀትን የሚቆርጥ የተለየ መሣሪያ አልጠቀሱም። ኤስኤስአር ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እንደተዘጋ ነው፤ ማለትም ሂተሩን እንዳበራ ይቀራል። ኮንትሮለሩ «አጥፋ» ይላል፣ የሚሰማው የለም። ሌላም አለ። አንድ ጊዜ የተጠራሁበት ማሽን ላይ ቴርሞካፕሉ ከቀዳዳው ወጥቶ በሽቦው ተንጠልጥሎ ነበር። አልተበጠሰም፤ ስለዚህ አላርም አልጮኸም። የክፍሉን አየር እየለካ «ገና ቀዝቃዛ ነው» ይላል፣ ኮንትሮለሩም አምኖት 100 በመቶ ኃይል ይሰጣል። ስደርስ የሂተሩ ቀለበት ቀልቶ የሽቦዎቹ ልባስ እየጨሰ ነበር። የሴንሰሩ ሽቦ መሃል ላይ ተጨፍልቆ ቢነካካም፣ ዋልታው ተገልብጦ ቢታሰርም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ሂተሩ በሙሉ ኃይል ሆኖ ንባቡ ካልወጣ የሚጮህ ሉፕ ብሬክ አላርም ያለውን ኮንትሮለር ይምረጡ፤ ማብራትም አይርሱ፣ ከፋብሪካ ሲመጣ ጠፍቶ ሊሆን ይችላልና።

ያም አይበቃም። የራሱ ሴንሰር ያለው፣ ሲያልፍ ቆልፎ የሚይዝና በሰው እጅ ካልሆነ የማይመለስ ሊሚት ኮንትሮለር በየዞኑ ያስገቡ። ሽቦው በፒኤልሲው በኩል አይሂድ። በቀጥታ ለሂተሮቹ ሁሉ ኃይል የሚሰጠውን አንድ ዋና ኮንታክተር ይቁረጥ። ያ ኮንታክተር በቀን አንድ ሁለቴ ብቻ ስለሚሠራ አያልቅም። ፒቪሲ የምትሠሩ ከሆነ ነገሩ ከማሽን በላይ ነው፤ ፒቪሲ ከመጠን በላይ ሲሞቅ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ይለቃል፣ ያ ደግሞ ሳንባ ያቃጥላል። የሊሚቱን ነገር ለበጀት ብሎ ለሚቀጥለው ዓመት ማቆየት አይገባም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። መጀመሪያ ቴርሞካፕሎቹ ቀዳዳቸው ታች ድረስ ገብተው መቀመጣቸውንና ሽቦአቸውን ያረጋግጡ። ከዚያ ሊሚቱን ያስገቡ። ቀጥሎ አንዱን ዞን ብቻ ወደ ፒአይዲና ኤስኤስአር ይቀይሩ። አውቶ ቲዩኑን በቀዝቃዛ ማሽን ላይ ሳይሆን ጎረቤት ዞኖች ሞቀው እያሉ ያስኬዱት፤ ኮንትሮለሩ የሚማረው በሥራ ላይ ያለውን በርሜል መሆን አለበት። አንድ ሳምንት ይመልከቱት። 200 ላይ በአንድ ሁለት ዲግሪ ውስጥ ከተቀመጠ የተቀሩትን ሦስቱን ይቀይሩ። ትንሹን ፒኤልሲ የሪሌይ ፓነሉን ለመቀየር በሚቆሙበት ጊዜ ያስገቡት፤ እስከዚያ ድረስ ኮንትሮለሮቹ የሞድባስ መውጫቸውን ይዘው ይጠብቁታል።